ተሳቢ ልግዛ ወይስ ልተወው? ከገራዶ ሜዳ እስከ ሐረጎ ቁልቁለት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ ፍቅር፣ ስለ ኪራይ ቤትና ስለ ሥራ ፍለጋ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ ተሳቢ ላወራችሁ ነው። አዎ፣ ስለ ተሳቢ! ከመኪና ኋላ ስለሚጎተተው ብረት! «ይኼ ልጅ ደግሞ ምን ነካው?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ። ነገሩ የወንድምና የእህት፣ የላብና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ደግሞስ ከመካከላችሁ ዕቁብ ደርሶት «ባጃጅ ልግዛ፣ ወፍጮ ልግዛ፣ ምን ልግዛ» እያለ ሌሊቱን ሲያሰላ ያላደረ ማን አለ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ደሴ ያለ አብሮ አደጌ አንድ ማክሰኞ ማታ ደወለልኝ።

«ስማ፣ ቅዳሜ እዚህ ድረስ» አለኝ።

«ምን ተገኘ?»

«ተሳቢ ልገዛ ነው። አንተ ደግሞ ነገሩን ታውቀዋለህ።»

እውነቱን ለመናገር የማውቀው ያን ያህል አይደለም። አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እምቢ ባለኝ ጊዜ በአጎቴ ተሳቢ መኪና ላይ ሁለት ዓመት ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ታኮ ማቀበል፣ ጎማ መፍታት፣ ሸራ ማሰር፣ ሌሊት ዕቃ መጠበቅ፤ ዩኒቨርሲቲዬ ይኸው ነው። ግን በአገራችን አንድ ሰው አንዴ ረዳት ከሆነ እስከ ዕድሜ ልኩ የመኪና ሐኪም ተደርጎ ይቆጠራልና ሻንጣዬን ያዝኩ።

አብሮ አደጌ ታላቅ እህት አለችው። ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። የሰው ቤት ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ሰባት ዓመት! ካጠራቀመችው ላይ ከወንድሟ ጋር ሆነው አንዲት ያገለገለች አነስተኛ ትራክተር ገዙ። ጉልበቷ 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። እሱ ይነዳል፣ እሷ ሒሳብ ትይዛለች። ገራዶ ላይ የዘመድንም የባዕድንም ማሳ በክፍያ ያርሳሉ። የተረፈው ገንዘብ ደግሞ የእሷ ነው፤ ደሴ ላይ አነስተኛ የልብስ ስፌት ሱቅ ልትከፍትበት ያስቀመጠችው።

ወንድም ሆዬ ታዲያ ሐሳብ መጣለት። «ተሳቢ ከገዛን ትራክተሯን ኮምቦልቻ ወስደን እጥፍ እንሠራለን» ይላል። የተሳቢው ዋጋ ያችን የሱቅ ገንዘብ ከሞላ ጎደል ጠርጎ ይወስዳታል። እህት እምቢ አላለችም። እሺም አላለችም። ዝም አለች። ሰባት ዓመት የተደከመበት ገንዘብ ሲነሳ ዝም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ወደ ደሴ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ብርሃንን፣ የጣርማበርን ዋሻ፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትንና ከሚሴን አልፋችሁ ኮምቦልቻ ትገባላችሁ። (መቼም በአሁኑ ጊዜ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ሰላም መጠየቅን አትርሱ።) ከኮምቦልቻ ደሴ የሚቀራችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግን 25 ብላችሁ አትናቁት! ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝታለች። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላለች። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ ማለት ነው። መወጣጫው ሐረጎ ይባላል። አውቶብሱ ሐረጎን ሲይዝ ሲያወራ የነበረው ሁሉ ዝም ይላል። ሾፌሩ ማርሽ ሲቀንስ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ኮምቦልቻ ከታች እንደ ምንጣፍ ተዘርግታ ስትታይ... እኔ ግን ዝም ያልኩት በሌላ ምክንያት ነበር። እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ደሴ እንደ ልማዷ በብርድ ተቀበለችኝ። ጦሳ ተራራ ጭጋጉን ጋቢ አስመስሎ ለብሶታል። ፒያሳ ላይ ሻይ ጠጣን፤ የወሎ ሰው መቼም «አብሽር» ሳይልህ ሻይም አይቀዳልህም። አብሮ አደጌ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ወሬውን ጀመረ። ተሳቢው ኮምቦልቻ አንድ በያጅ ዘንድ ተሠርቶ ያለቀ ነው። ቀለሙ ቀይ ነው። መወጣጫ አለው። «በቃ ምን ልበልህ፣ ያምራል!» አለኝ። ስለ ፍሬኑ ስጠይቀው ስለ ቀለሙ መለሰልኝ። ይኼኔ ጠረጠርኩ።

የሽማግሌው ጥያቄ

በማግስቱ ጠዋት ወደ ገራዶ ወረድን። ገራዶን ለማታውቁ፣ ከደሴ ወጣ ስትሉ ተራሮቹ ድንገት ገለል ብለው ሜዳውን የሚያሳዩበት ቦታ ነው። ከላይ ሆናችሁ ስታዩት ማሳው በካሬ በካሬ የተቆራረጠ ነው፤ አንዱ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጥቁር። ዳርዳሩን ባሕር ዛፍ፣ መሐል መሐሉን የሣርና የቆርቆሮ ቤት። የደሴ ጩኸት ለጆሮ ሳይርቅ የገጠር ጸጥታ ውስጥ ትገባላችሁ። ለከተማ ልጅ ሳንባ መድኃኒት ነው።

የወሎ ደጋ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው። ብዙው ከአንድ ሄክታር የማይበልጥ፣ እሱም እዚህና እዚያ የተበጣጠሰ ነው። በደርግ ዘመን ናዝሬት ይገጣጠም የነበረው ቤላሩስ ዓይነት ትልቅ ትራክተር እዚህ ቢመጣ መዞሪያ አጥቶ ድንበር ሲያፈርስ ይውል ነበር። ትንሿ ትራክተር ግን ጎረቤት ሳታጣላ ትዞራለች። የተፈለገችውም ለዚሁ ነው።

ትራክተሯ በላስቲክ ተሸፍና አንድ አጥር ጥግ ቆማለች። ላስቲኩን ስንገልጥ አንድ አባት በሬዎቻቸውን እየነዱ ሲያልፉ ቆሙ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ የወሎ ሰላምታ ነውና ከብቱም፣ ልጁም፣ ዝናቡም ተጠየቀ። ከዚያ አብሮ አደጌ በኩራት «አባባ፣ ተሳቢ ልንገዛላት ነው» አላቸው።

«ተሳቢ ምንድን ነው ልጄ?»

«እሷን የምንጭንበት ነዋ! ኮምቦልቻ የምንወስድበት።»

ሽማግሌው ትራክተሯን ከፊት እስከ ኋላ ቃኟት። ከዚያ በከዘራቸው ጎማዋን ነካ ነካ አድርገው «ይኸስ እግሯ አይደለም እንዴ?» አሉ። «የኔ በሬዎች በእግራቸው ይሄዳሉ። በሬ የሚሸከም በሬ ደግሞ ዛሬ ሰማሁ!»

ሁላችንም ሳቅን። እህትዮዋ ግን አልሳቀችም። ከቦርሳዋ ደብተር አወጣች። ከመጣሁ ጀምሮ ስትናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

«ባለፈው ዓመት ከገራዶ የወጣችው አምስት ጊዜ ነው» አለች። «ሦስቱ እዚሁ ደሴ ዙሪያ ነው። ሁለቱ ኮምቦልቻ ነው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለጋራዥ።»

ውድ አንባቢያን፣ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይኼ ደብተር ይኑራችሁ። ወንድም በልቡ የሚያየው በየሳምንቱ የሚሄድ ተሳቢ ነው። ደብተሩ የሚያየው አምስት ጉዞ ነው። ከአምስቱ ደግሞ ሦስቱ ቅርብ ናቸው። አነስተኛ ትራክተር በመንገድ ላይ በሰዓት 20 እና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ከገራዶ ደሴ ዙሪያ ለመድረስ ተሳቢ ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚያስፈልጋት። ሽማግሌው ልክ ናቸው፤ እግር አላት!

ነገር ግን በእግሯ ስትሄድ ሕግ አለው። ትራክተር ለግራና ለቀኝ የኋላ ጎማ ለየብቻ የፍሬን ፔዳል አላት፤ ማሳ ውስጥ በአንዱ ጎማ ቶሎ ለመዞር ነው። አስፋልት ላይ ስትወጡ ግን ሁለቱን ፔዳል የሚያያይዘውን ማገናኛ መቆለፍ ግድ ነው። አለበለዚያ ድንገት ፍሬን ስትይዙ አንዱ ጎማ ብቻ ይያዝና ትራክተሯ ወደ ጎን ትገለበጣለች። ከመቀመጫው ኋላ ያለው የመገልበጫ መከላከያ ብረት ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ቀበቶም ይታሰር። ከኋላ አንጸባራቂ ይለጠፍ። ማታ አትንዱ። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ ብላችሁ በፎሌ አትልቀቁ። በጭቃ ጎማዋ ላይ ሰው አታንጠልጥሉ። ይኼንን ስናገር አብሮ አደጌ «እሺ መምህር» ብሎ አሾፈብኝ። ፔዳሉን ስናይ ግን ማገናኛው ዝጎ ከተንጠለጠለ ቆይቷል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲነዳ ነበር! እህቱ አየችው። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ክብደት አይዋሽም

የቀሩት ሁለቱ የኮምቦልቻ ጉዞዎች ናቸው። በሐረጎ በኩል! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው፤ በእውነትም የሚከብደው።

ወረቀት አውጥተን ደመርን። የዚህ ዓይነት ከ20 እስከ 40 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ትራክተሮች ባዷቸውን ከ700 እስከ 1,500 ኪሎ ይመዝናሉ። የእነሱ 1,200 ኪሎ ነው፤ መዝገቡ ላይ ተጽፏል። ማረሻው 200 ኪሎ። ነዳጅ፣ መፍቻ፣ ሰንሰለት፣ መለዋወጫ ሲጨመር 100 ኪሎ። 1,500 ኪሎ ሆነ፤ 15 ኩንታል በሉት። ተሳቢው ራሱ ደግሞ ብረት ነውና ከ600 እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል። ጠቅላላው 2,200 ኪሎ ገደማ! ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የትራክተሩን ክብደት ይጠይቅና የማረሻውንና የተሳቢውን ይረሳል።

«ማን ነው የሚጎትተው?» አልኩት።

«የአክስታችን ልጅ ፒክአፕ አለችው።»

አያችሁ? ተሳቢ ሊገዛ ነው፤ መጎተቻው ግን የሰው ነው። ፒክአፗን አየናት። አሮጌ ናፍጣ ናት፣ ተርቦ የላትም። ተርቦ የሌለው ሞተር በከፍታ አየር ስለሚሳሳበት በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ደሴ ከፍታ ላይ ሩብ ያህል ጉልበቱ ሄደ ማለት ነው። ሰውም'ኮ ከአዋሽ መጥቶ ጦሳን ሲወጣ ያለከልካል። ከዚህ በላይ ደግሞ ብዙዎቹ ፒክአፖች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እንዲጎትቱ በፋብሪካው የሚፈቀድላቸው 750 ኪሎ ብቻ ነው። 750! ባዶውን ተሳቢ ከጎተታችሁ አለቀ። 1,000 እና 2,000 ኪሎ ለመጎተት ተሳቢው የግድ የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ ፒክአፗም መመሪያዋ ላይ ያንን የምትችል ትሁን።

ሐረጎ ላይ የሆነው

ሰኞ ጠዋት አራት ሆነን በዚያችው ፒክአፕ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ የአክስታቸው ልጅ እየነዳ፣ ወንድም ከጎኑ፣ እኔና እህትዮዋ ከኋላ። የሐረጎን መጠማዘዣ ስንጀምር ከላይ ያስቀመጥኩትን ነገር ነገርኳቸው።

ረዳት በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። በዚሁ መንገድ ጭነት ይዘን ከነተሳቢያችን እየወረድን ነበር። አጎቴ ጠንቃቃ ሾፌር ነው፤ ያን ቀን ግን ቸኩሎ ማርሹን ሳይቀንስ ቁልቁለቱን ጀመረ። ፍሬን ያዝ፣ ለቀቅ፣ ያዝ፣ ለቀቅ። ትንሽ እንደወረድን የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። ከዚያ ጭስ። አጎቴ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ወረደ። ፊቱ አመድ ሲመስል አየሁት። ተሳቢው ከኋላ ይገፋናል። አንድ ጊዜ ብቻ «ታኮ ያዝ!» አለኝ። ደግነቱ ፍጥነታችን ገና ብዙ አልነበረም፤ ማርሹን በግድ አወረደና መኪናውን ወደ ተራራው በኩል አስጠግቶ የፊት ጎማውን የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ከተተው። ቆምን። በገደሉ በኩል ቢሆን ኖሮ ይኼንን ጽሑፍ ሌላ ሰው ነበር የሚጽፍላችሁ። አጎቴ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ውሃ ለመነኝ። ኩባያውን ግን መያዝ አቃተው፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ነኝ ያጠጣሁት።

በኋላ የነገረኝ ነገር ይኼ ነው፦ «ተሳቢ ዳገት ላይ ይጎተታል፤ ቁልቁለት ላይ ግን ይገፋል። የገዛኸው የሚጎተተውን አይደለም፣ የሚገፋህን ነው።»

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ዕቃ ነው። ሲበዛበት ይግላል፣ ሲግል መያዝ ይተዋል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ መኪናን የሚይዘው ማርሽ ነው፤ ከባዱ ማርሽ የሚገባውም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ከተጀመረ በኋላ አይደለም። ፍሬን ጠንከር አድርገው ይዘው ይለቁታል እንጂ እግር ላይ አስተኝተውት አይወርዱም።

ታሪኩን ስጨርስ ፒክአፗ ውስጥ ጸጥ አለ። የአክስት ልጅ ሳልነግረው ማርሽ ቀነሰ።

ኮምቦልቻ፣ የተሳቢ አገር

ኮምቦልቻ ስትደርሱ ብርዱ ይቀርና ጃኬት ታወልቃላችሁ። የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ የብረታ ብረቱ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ተዘርፈውና ተጎድተው፣ እንደገና ቀና ለማለት ሲታገሉ የቆዩ ከተሞች ናቸው። ከኮምቦልቻ አንዱ መንገድ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ ይወርዳልና ከተማዋ ውስጥ ተሳቢ እንደ ሰው ነው የሚመላለሰው። ያንን ሁሉ ተሳቢ ሲያይ የዋለ ወጣት «እኔስ?» ቢል አይፈረድበትም።

በያጁ ዘንድ ደረስን። ቀይዋ ተሳቢ ቆማለች። አይካድም፣ ታምራለች! ግን ቀለም ቀርቶ ከሥር ማየት ነው። ተንበርክኬ ገባሁ። አክሱ ከአሮጌ መኪና የተነቀለ ነው፤ አንድ አክስ ብቻ፣ ሁለት ጎማ። ሞዞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ይንኳኳል። ባሌስትራው ግራና ቀኙ እኩል አይደለም። ጎማዎቹ ጎን ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን 4 ቁጥሮች ፈለግሁ፤ 1512 ይላል። ይኼ ማለት በፈረንጆች 2012 ዓ.ም. በ15ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ ዕድሜው ግን አልፏል፤ ጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ወጥቷል። የመጎተቻው ዘንግ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው በአንድ መስመር ብየዳ ብቻ ነው። ፍሬን የሚባል ነገር የለም። የአደጋ ጊዜ ሰንሰለትም የለም።

«ጋሼ፣ ፍሬኗ የት አለ?» አልኳቸው በያጁን።

«የፒክአፑ ፍሬን ይበቃታል፣ አብሽር!»

«በሐረጎ ነው'ኮ የምትሄደው። 15 ኩንታል ጭና።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። አብሮ አደጌን ተመለከቱት። «አንተ ልጅ፣ ጭድ ለመጫን አይደለም እንዴ ያልከኝ?»

ጸጥታ! ወንድም ሆዬ ዋጋው እንዳይጨምርበት ብሎ ጭድ ነው ያላቸው ለካ! ይባስ ብሎ ሌላ ጉድ ወጣ፤ ሳይናገር ከሱቁ ገንዘብ ላይ ቀብድ ከፍሏል። እህቱ ይኼንን የሰማችው እዚያው፣ በእኛ ፊት ነው።

እንደምትጮህ ጠብቄ ነበር። አልጮኸችም። ወደ በያጁ ዞራ በዝግታ፣ «ጋሼ፣ ያ ገንዘብ የእኔ ነው። ሰባት ዓመት የሰው ቤት ያጠራቀምኩት ነው። ሥራዎትን አልነቅፍም፤ ለጭድ ብለው ነው የሠሩት። ግን ወንድሜን በዚህ ላይ አላስቀምጠውም» አለቻቸው።

በያጁ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እኔም ልጅ አለኝ። ወላሂ፣ የኔን ልጅ በዚህች ላይ ሐረጎን አላስወርደውም» አሉ። ለቀለሙና ለመወጣጫው ያወጡትን ትንሽ ገንዘብ ቀነሱና ቀሪውን ቀብድ መለሱላት። በወንድምየው እጅ አይደለም፤ በእሷ እጅ። እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬም አለ፤ ስላለ ነው የምጽፈው።

ታዲያ ምን ተደረገ?

ከበያጁ ጎን አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሒሳቡን እንደገና ሠራነው። እናንተም በራሳችሁ ዋጋ ሥሩት። እንበልና የተሳቢው ዋጋ 40 ጊዜ አይሱዙ ቢያከራይ፣ ኮምቦልቻ ለሁለት ጉዞ ሄዶ ለመመለስ በዓመት 4 ኪራይ ነው የሚያስፈልጋችሁ። 40ን ለ4 ስታካፍሉት 10 ዓመት! ተሳቢው ዋጋውን የሚመልሰው በ10 ዓመት ነው። በዚያ ላይ ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ይፈልጋል፣ ቦሎ ይፈልጋል፣ ጎማ ይፈልጋል፣ ማቆሚያ ይፈልጋል። ዝናብ እየመታው ቆሞ ሲውል ኩሽኔታው ይዝጋል። አልፎ አልፎ ለሚጫን ነገር አልፎ አልፎ መከራየት ይሻላል።

ትራክተሯን 30 እና 40 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ያለ ጭንቀት ይሸከማታል፤ ሾፌሩም ሐረጎን የለመደ ይሆናል። መጫኛ ማሽን አያስፈልግም። ገራዶ ላይ ከመንገዱ ከፍ ያለ የአፈር ግድግዳ መርጦ፣ አይሱዙው ኋላውን ሰጥቶ ይጠጋል፤ ስፖንዳው ወርዶ ካሶኒው ከአፈሩ እኩል ሲሆን ትራክተሯ ቀጥ ብላ ትገባለች። አፈሩ ጠንካራ፣ መኪናው ታኮ የገባለት መሆን አለበት። ከገባች በኋላ ማረሻዋ ካሶኒው ላይ ይውረድ፣ ማርሽ ይግባ፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ። ከዚያ በአራቱም ማዕዘን በሰንሰለት ትታሰር፤ በገመድ አይደለም! ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙና እንደገና አጥብቁ፤ መንገዱ ሰንሰለት ያላላል። ትራክተሯ ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው አይኑር።

በእርግጥ በየሳምንቱ የምትጭኑ ከሆነ፣ የራሳችሁ ጠንካራ መኪና ካላችሁ፣ ተሳቢ ግዙ። ስትገዙ ግን እነዚህን ያዙ፦

አንደኛ፣ ባለ ሁለት አክስ ይሁን። አንድ ጎማ ቢፈነዳ ሌላው ይይዛል፤ አይወዛወዝም።

ሁለተኛ፣ የራሱ ፍሬን ይኑረው፤ ቢቻል በሁለቱም አክስ። ተሳቢው ራሱ ሲገፋ የሚይዝ ፍሬን ለሜዳ ጥሩ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሲገፋ ስለሚውል ሲይዝ ይውላል፣ ይግላል። ሾፌሩ ጋቢና ሆኖ የሚቆጣጠረው የኤሌክትሪክ ፍሬን ለተራራ አገር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የመሸከም አቅሙ ከጠቅላላው ጭነት በላይ ይሁን። ልክ በልክ አትግዙ።

አራተኛ፣ ጭነቱን አመዛዝኑ። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ መጎተቻው ጋንች ላይ ይረፍ። ለ2,200 ኪሎ ከ220 እስከ 330 ኪሎ መሆኑ ነው። ከዚያ ካነሰ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል፤ ከበዛ የመኪናው ፊት ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ትራክተሯን ትንሽ ወደፊት ወይም ወደ ኋላ በማስጠጋት ይስተካከላል።

አምስተኛ፣ ስትጭኑ የተሳቢው ኋላ በእንጨት ወይም በክሪክ ይደገፍ። ትራክተሯ መወጣጫው ላይ ስትወጣ የተሳቢው ኋላ ይጫንና የፒክአፑን ኋላ ወደ ላይ ያነሳዋል፤ የኋላ ጎማው መሬት ከለቀቀ የእጅ ፍሬኑ ምንም አይሠራም።

ስድስተኛ፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ ሁለት የአደጋ ሰንሰለት፣ ትርፍ ጎማ።

ሰባተኛ፣ ያላችሁ መንጃ ፈቃድ ለዚያ ተሳቢ ይፈቅድ እንደሆነ ከመግዛታችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ።

የመጨረሻውን ግን አባባ ገራዶ ላይ ነግረውናል፤ በእግሯ የምትሄድበትን አትሸከሟት።

ከሰዓት በኋላ ሐረጎን ስንወጣ ወንድም ከፊት ወንበር ዞር ብሎ እህቱን «ይቅርታ» አላት። «ቀብዱን ልነግርሽ ነበር» አላት። እሷም «ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ፤ ፔዳሉ ነው» አለችው። «ዓመት ሙሉ ያለ ማገናኛ ስትነዳ ብትገለበጥ፣ እኔ ሰባት ዓመት የሠራሁት ሬሳህን ለማንሳት ሊሆን ነበር?» ማንም አልመለሰም። ደሴ እንደገባን አንድ ጋራዥ ፊት አስቆመችን። የፔዳሉን ማገናኛ ልክ ወንድሟ ሲያሳይ፣ ዋጋውን እሷ ተከራከረች፤ ከቀብዱ ላይ ከፈለች።

ባለፈው ሰሞን ደውሎልኝ ነበር። ትራክተሯ በአይሱዙ ኮምቦልቻ ደርሳ ተመልሳለች። ሱቁም ተከፍቷል፤ ሁለት የስፌት መኪና ይዞ። «አንተ ግን ተሳቢ አስቀረህብኝ» ብሎ ሳቀብኝ። ቀይዋ ተሳቢስ? አንድ የኮምቦልቻ ሰው ጭድ ይጭንባታል አሉ፤ ሜዳ ላይ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶች። ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!